ኮትና መሪ በጣርማ በር ቁልቁለት፦ የይፋት ቆላ መንገድና የሹፌር አለባበስ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያቀናው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ በአፋፉ ላይ የተበሳውን ዋሻ አቋርጦ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርድና፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ከሆነው ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ይዘረጋል። አንድ ሺህ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ከሚታወቀው ስሌት ብንነሣ፣ በዚህ ቁልቁለት ላይና ታች መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ይህም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከመታው የደብረ ብርሃን ማለዳ ተነሥቶ፣ ረፋድ ላይ ማንጎና ፓፓያ ከሚበስልበት የሮቢ ወንዝ ዳርቻ እንደ መድረስ ነው። ስለዚህ መኪና የሚነዳ ሰው የሱፍ ኮቱን ለብሶ ይንዳ ወይስ አውልቆ የሚለው ጥያቄ፣ በሌላ ስፍራ የምርጫ ወይም የጌጥ ጉዳይ ሊመስል ቢችልም፣ ይፋት በሚባለው በዚህ ቆላ መንገድ ላይ ግን ከአየሩ፣ ከሥራው ባሕርይና ከማኅበራዊ ማዕረግ ጋር ተሳስሮ የቆየ ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ኮት ሲባል ከሱሪው ጋር ከአንድ ጨርቅ ተሰፍቶ ሙሉ ሱፍ የሚባለውን ልብስ የሚያሟላው፣ ኮሌታና ገበር ያለው የላይኛው ልብስ ነው፤ ገበር የሚባለውም ከውስጥ በኩል የሚሰፋው ለስላሳ ጨርቅ ነው። ከኮት በላይ ለብርድ ከሚደረበው ረጅሙ ካፖርት ይለያል፤ ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ሲታይ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ካፖርት በዋናነት ብርድን ለመከላከል የሚለበስ ሲሆን፣ ኮት ግን የለባሹን ማንነት ለተመልካች የሚናገር ልብስ ሆኖ ወደ አገሪቱ የገባ ነው።

መኪና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ይህ ቁልቁለት ሁለት የልብስ አገሮችን የሚለይ ድንበር ነበር። ከላይ ያለው የመንዝና የተጉለት ደጋ የበግ አገር በመሆኑ፣ ሕዝቡ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና፣ ማለትም ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እንዲሁም በርኖስ የተባለውን ጥቁር የሱፍ ካባ ሲለብስ ኖሯል። ከታች ያለው ይፋት ደግሞ ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ ነው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች መናገሻ የነበረው ይህ ምድር፣ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ መተላለፊያ በመሆኑ፣ በሽመናቸውና በነጋዴነታቸው የታወቁት አርጎባዎች በአፋፎቹና በእግረ ተራራው ላይ ሰፍረው ጥጡን ወደ ጨርቅ ሲለውጡ ኖረዋል። ሽርጥ የሚባለው፣ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው የወንዶች ልብስ፣ በዚህ ቆላ በአርጎባው፣ በአፋሩና በኦሮሞው ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ አየር የሚያስገባና ለአረማመድ የሚመች በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ አልተተካም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልዩ አምባ የተባለችው የገበያ ከተማ የዚህ ድንበር በር ነበረች። ከተጁራ ጠረፍ ተነሥተው የአፋርን በረሃ ያቋረጡ ግመሎች ዳገቱን መውጣት ስለማይችሉ፣ ጭነቱ በእግረ ተራራው ላይ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ደጋው ላይ ወዳለችው ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን፣ በዚሁ በር አልፈዋል፤ ሁለቱም ስለ ጉዟቸው መጻሕፍት ጽፈዋል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን በዚህ ስፍራ የሚለወጠው የጭነት እንስሳ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ መንገደኛውም ራሱ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚደርብ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚያወልቅ ነበርና፣ የልብሱን ነገር ከጉዞው ጋር አብሮ ማሰብ ግድ ይሆንበት ነበር።

ከአየሩ ሌላ የክብር ሕግም ነበረ። በአማራው ባህል ሸማ የሚለበስበት መንገድ ራሱ ንግግር ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ወይም በደረቱ ላይ ይታጠቅ ነበር፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። በጉዞ ላይ የሚለበሰውና በመድረሻ ላይ የሚለበሰው ልብስም ለየብቻ ነበር፤ በበቅሎ ላይ አቧራና ላብ የሚጠጣው ልብስ ሌላ ሲሆን፣ ወደ ባለጠጋ ወይም ወደ ሹም ግቢ፣ ወደ ሠርግ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲቀረብ ከስልቻ ወይም ከአሽከር እጅ ወጥቶ የሚለበሰው ነጭ ልብስ ሌላ ነበር። የኋለኛው ዘመን ሹፌር ኮቱን በጋቢናው ውስጥ ሰቅሎ ሲነዳና መናኸሪያ ሲደርስ ሲለብሰው የሚያደርገው ነገር፣ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ከመሆን ይልቅ የዚህ የቆየ ሥርዓት ተከታይ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ኮት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአንድ ጊዜና በአንድ በር አይደለም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የውጭ መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና አርመን፣ ግሪክና ሕንድ ልብስ ሰፊዎች አዲስ አበባ ላይ እየበዙ ሲሄዱ፣ መኳንንቱ መጀመሪያ ከካባቸው ሥር፣ ቀጥሎም ካባውን ትተው የአውሮፓ ልብስ መልበስ ጀመሩ፤ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ወጣቶች ደግሞ ሙሉ ሱፍና ከረባትን የአዲስ ዘመን ምልክት አደረጉት። ስለዚህ ኮት ገና ከጅምሩ የተማረ፣ የመንግሥት ሥራ ያለው ወይም የከተማ ሰው የሚለይበት ልብስ ሆነ፤ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ልብስ ግን ካኪና ቱታ ነበር። ሹፌር ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች በየትኛው እንደሚቆጠር ግልጽ አልነበረም፤ እጁ ዘይትና ጥላሸት ይነካል፣ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን መኪና ስለሚያዝ በየከተማው እንደ ሊቅ ይታያል።

በአውሮፓም ቢሆን በመኪና የመጀመሪያ ዘመን የልብስ ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጣሪያም መስኮትም ስላልነበራቸው፣ የሚነዱ ሰዎች አቧራ የሚከላከል ረጅም ካፖርት ወይም የቆዳ ልብስ፣ ቆብና የዓይን መነጽር ያደርጉ ነበር፤ ሱፉ ከዚያ ሥር ተደብቆ ይጓዝና ሲደረስ ይገለጥ ነበር። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ይዞት የገባውና ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የቀረበው ዎልስሊ ሲድሊ መኪናም ከዚሁ ከክፍቱ ዓይነት ነበር። የመኪና ጋቢና እየተዘጋ ሲሄድ ግን ካፖርቱ አስፈላጊነቱ ቀነሰና ሹፌሩ በኮቱ ብቻ መሪ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ የልብሱ አሠራር ራሱ ችግር ሆነ። ኮት የሚቆም ሰው እንዲያምርበት ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነውና፣ ትከሻው በውስጥ ጨርቅ የጠነከረ፣ ብብቱ ጠበብ ያለ በመሆኑ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው ጀርባውን ይይዘዋል። በስተኋላው ያለው ስንጥቅ እንኳ ለፈረስ ጋላቢ ኮርቻ ላይ እንዲከፈት የተደረገ ነው እንጂ ለመቀመጫ የታሰበ አልነበረም። በዚህ ላይ ላብ ሲጨመርበት የሱፍ ጨርቅ በጀርባና በክርን ላይ እየተሸበሸበ ቅርጹን ያጣል፤ ስለዚህ ኮቱን ለብሶ የነዳ ሰው፣ ሊከበርበት ያሰበውን ልብስ አበላሽቶ ይደርሳል።

ይህ ችግር ወደ ይፋት የወረደው መንገዱ ራሱ ሲወርድ ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና መጓዝ የተቻለው በችግር ሲሆን፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ለመቅረብ ወደ ደሴ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ የተነሣው የማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ባለ ብዙ መኪና ጦር በቆላው ሜዳ አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስላፈረሱበት ለመጠገን ተገድዷል፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በወረራው ዓመታት ኢጣልያኖች ለጦራቸውና ለሰፈራ ዕቅዳቸው ሲሉ መንገዱን እንደ አዲስ ሠሩት፤ በጣርማ በር አፋፍ ላይም ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውንና ሕዝቡ የሙሶሊኒ ዋሻ እያለ የጠራውን ዋሻ በሱት። ከዚያ ወዲህ ዋሻው የሁለት አየሮች በር ሆነ፤ በአንደኛው አፍ ጉምና ብርድ፣ ከሁለተኛው አፍ በኋላ የይፋት ሙቀት እየቀረበ የሚመጣበት ቁልቁለት።

ከነጻነት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአገሪቱ የቀሩ ኢጣልያኖች ጋራዥና የጭነት አገልግሎት ከፍተው ሲሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረዳትነት ገብተው ሙያውን ተማሩ፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን መንከባከብ ሲጀምር ደግሞ ትራፊኩ በዛ። ከአዋሽ በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ ከአሰብ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባው ጭነት በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በካራቆሬ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ ጣርማ በርን ይወጣ ስለነበር፣ እነዚህ ከተሞች ያደጉት በአብዛኛው በሹፌርና በረዳት ኪስ ነው። የሹፌሩ ወግ፣ የሚበላበት ቤት፣ የሚያድርበት አልጋና የሚለብሰው ልብስ የእነዚህ ከተሞች ታሪክ አካል ነውና፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ከሰጡት ቦታ የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

በዚያ ዘመን ከሁሉ የታወቀው የጭነት መኪና ሕዝቡ ኤንትሬ ይለው የነበረው የፊያት ሥሪት ነበር። የዚህ መኪና ሞተር በጋቢናው ውስጥ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ባለው ክዳን ሥር የተቀመጠ በመሆኑ ደጋ ላይ እንደ ምድጃ ያሞቃቸው ነበር፤ ቆላ ላይ ሲደርስ ግን ያው ሙቀት ከሜዳው ሙቀት ጋር ተዳምሮ ለመቀመጥ የሚያስቸግር ይሆናል። መሪውም እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ቀላል ስላልነበር፣ በአርማንያ ጠመዝማዛ ላይ የተጫነ መኪናን ማዞር የትከሻና የክንድ ሥራ ነበር። ቁልቁለቱ የሚወረደው በከባድ ማርሽ፣ ማለትም የሞተሩ ጉልበት መኪናውን እንዲይዘው ዝቅተኛውን ማርሽ በማስገባት ነው፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊለው ይችላልና። ማርሹን በየጊዜው የሚቀይር አንድ እጅና መሪውን የሚጎትት ሌላ እጅ በተሰፋ ኮት ውስጥ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉት በጭንቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮቱ ከሰውነት ወርዶ ከመቀመጫው ጀርባ ወይም ከጋቢናው ማንጠልጠያ ላይ ተሰቀለ፤ በአንገት ላይ ደግሞ ላብ የሚጠርግ ፎጣ ተተካ። ወደ አሰብ የሚወርዱት ሹፌሮች ከዚህም አልፈው ሱሪውን አውልቀው እንደ ቆላው ሰው ሽርጥ ታጠቁ፤ በዚህም ደገኛው ሹፌር የአገሩን ባለቤቶች ልብስ ከእነርሱ ተምሮ የሥራ ልብሱ አደረገው።

ይሁን እንጂ ኮቱ ከጋቢናው አልጠፋም። ሹፌሩ ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና ላይ ወርዶ ፊቱን ታጥቦ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ፣ ከነጋዴ ጋር ስለ ጭነት ሲዋዋል፣ ወይም በሚያልፍበት ከተማ ለቅሶ ደርሶ ሲቀመጥ ኮቱን ይለብሳል፤ በኪሱም ውስጥ መንጃ ፈቃዱ፣ የጭነቱ ወረቀትና ገንዘቡ አለ። በሰማዩ ሥር በመንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ኮት እንደ ሣጥንም ያገለግላል፤ ደጋ ላይ ሌሊት ቢያዝ ደግሞ እንደ መደረቢያ። ከጊዜ በኋላ በየገበያው የተስፋፋው ሰልባጅ፣ ማለትም ከውጭ የሚገባው ልባሽ ልብስ፣ ኮትን ከባለሥልጣን ትከሻ አውርዶ ለሹፌርና ለገበሬ ስላዳረሰው፣ ኮት የማዕረግ ልብስ መሆኑ እየቀረ ቢሄድም የመድረሻ ልብስ መሆኑ አልቀረም።

ከጭነት መኪና ሹፌር ጎን ሌላ ዕጣ ያለው ሹፌር ነበር፤ እርሱም የሹም ሹፌር ነው። በንጉሡ ዘመን የሚኒስትርን ወይም የጠቅላይ ገዢን መኪና የሚነዳ ሰው ኮትና ከረባት የሥራ ልብሱ ነበር፤ ከኋላው የተቀመጠው ጌታ መስኮቱን ከፍቶ ኮቱን ቢያወልቅ እንኳ ሹፌሩ ሳይፈቀድለት ማውለቅ ነውር ይሆንበታል። የጥንቱ የማደግደግ ሥርዓት እዚህ ላይ ተገልብጦ መምጣቱ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ቀድሞ የአክብሮት ምልክት ልብስን ከትከሻ ማውረድ ሲሆን፣ አሁን ግን ልብስን እስከ ቁልፉ ድረስ ዘግቶ መቀመጥ ሆነ። ከይፋት ሜዳ ላይ በቀትር ጸሐይ ኮት ለብሶ መሪ የሚይዝ ሰው ድካሙ እየበረታ፣ ትኩረቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ የአንድን ሰው ክብር ለመጠበቅ ሲባል የተሳፋሪዎቹን ሁሉ ሕይወት የያዘውን ሰው ማድከም ተገቢ አልነበረም ብሎ መፍረድ የዛሬ አስተያየትን በትናንት ላይ መጫን አይሆንም፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ያንኑ ፍርድ በዚያው ዘመን በተግባራቸው ሰጥተውታልና።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግራ መንገድ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ መዞሯም በዚህ መንገድ ላይ ያስከተለው ነገር አለ። መሪው በግራ በኩል ያለ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ሲያቀና ምዕራቡ በግራው ስለሚሆን፣ ወደ ማዘቅዘቅ ያለው ጸሐይ በመስኮቱ በኩል የግራ ክንዱን ያቃጥለዋል፤ ሲመለስም ከኮምቦልቻ ማለዳ ተነሥቶ ይፋትን ወደ ደቡብ በረፋድ ሲያቋርጥ ምሥራቁ በግራው ይሆናልና ያው ክንድ እንደገና ይመታል። ኮት ያወለቁ ሹፌሮች ብዙዎቹ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሳይሰበስቡ ረጅሙን እጅጌ ወርዶ እንዲቀር ማድረጋቸው በዚህ ይገለጣል፤ ለቆላ ጸሐይ የሚበጀው ወፍራም ልብስም ራቁት ክንድም ሳይሆን ስስ የጥጥ እጅጌ መሆኑን የይፋት ሸማኔዎች ከመኪናው በፊት ያውቁት ነበር።

የደርግ ዘመን ኮትን በጥርጣሬ ያየ ዘመን ነበር፤ ከረባት የቡርዧ ምልክት ተደርጎ ሲወቀስ፣ ካኪና ቱታ የሠርቶ አደር ልብስ ተብለው ከፍ አሉ፤ በዚህም በመሪ ላይ ያለው ሹፌርና ከኋላ የተቀመጠው ሹም በአለባበስ የተቀራረቡበት ጥቂት ዓመታት አለፉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከረባቱ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ ስለተዘጋ ደግሞ የወደብ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ይፋት ግን የሰሜኑ አውራ ጎዳና መተላለፊያ ሆኖ ቀጠለ፤ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ የቀወት ማሾና የአካባቢው ፍራፍሬም ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው በዚሁ መንገድ ነው።

በቅርብ ዘመን ሁለት ነገሮች የጥያቄውን መልክ ቀይረውታል። አንደኛው የደኅንነት ቀበቶ ነው። በስዊድን ቮልቮ ኩባንያ ኒልስ ቦሊን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ በትከሻ፣ በደረትና በዳሌ ላይ ተጠብቆ ሲያርፍ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ ወፍራም ኮት ወይም ካፖርት ከሥሩ ሲገባ ቀበቶው ከአካል ይርቃል፣ በግጭት ጊዜም ጨርቁ እስኪታመቅ ድረስ ሰውነት ወደ ፊት ይወረወራል። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ አድርጓል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ኮቱን ደርቦ ለሚነዳ ሰው ቢያንስ ቁልፉን ፈትቶ ቀበቶውን ከኮቱ ሥር በሸሚዙ ላይ ማሳለፍ ይበጀዋል፤ ካፖርት የለበሰ ከሆነ ደግሞ መኪናውን አቁሞ ማውለቅ ነው።

ሁለተኛው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። በአሜሪካ ፓካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማብቂያ በፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ካቀረበ በኋላ ይህ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የቤት መኪኖችና የረጅም ርቀት አውቶቡሶች ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል። አሁን መስኮቱን ዘግቶ የጣርማ በርን ብርድና የሸዋ ሮቢትን ሙቀት በአንድ ልክ አየር የሚያልፍ ሹፌር ቁልቁለቱ የግድ ያለውን ማውለቅ ችላ ሊለው ይችላል፤ በድርጅት ደንብ ልብስ የሚሠሩ የአውቶቡስ ሹፌሮችም ከረባታቸውን እንዳሰሩ ይፋትን ያቋርጣሉ። በአካባቢው ከተሞች መካከል የሚመላለሱት ሚኒባሶችና የሸዋ ሮቢት ባጃጆች ግን በአብዛኛው ይህ መሣሪያ የላቸውም፤ ከደብረ ሲና ማለዳ የሚነሣው የሚኒባስ ሹፌር ኮቱን ለብሶ ይጀምርና አርማንያን ሲያልፍ ረዳቱ ከትከሻው እየጎተተ እንዲያወልቀው ይረዳዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለስም ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ያስለብሰዋል።